በክኒን ላይ ክርክር ላስጀመሩልን ክቡር ኃላፊ

ለአእምሮ ሕክምና ጥራት ማሻሻያና የባለሙያዎች ሥልጠና መምሪያ ክቡር ኃላፊ፣
ባሉበት፤

ክቡር ሆይ፣ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? እኛ ከአብነት እስከ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ያለን የመርካቶ ሰዎች፣ አቧራውና ጡሩምባው እንዳለ ሆኖ፣ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። የእርስዎንም ጤና፣ የቤተሰብዎንም ጤና፣ የቢሮዎን የአየር ማቀዝቀዣ ጤና ጭምር ዘወትር እንመኛለን። በተለይ እንቅልፍዎ የሰመረ፣ አእምሮዎ የተረጋጋ እንዲሆን እንጸልያለን፤ አያድርገውና አንድ ቀን ክኒን የሚያስፈልግዎ ቢሆን እንኳ፣ እርስዎ ያሠለጠኑት ሐኪም እንዳይገጥምዎ ከልባችን እንመኛለን።

ይህን ደብዳቤ በመጽሔት ላይ የምጽፍልዎ ድፍረት ኖሮኝ አይደለም፤ ቢሮዎ ድረስ ተመላልሼ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ ነው። ስብሰባው ተገልጋይን ስለ መቅረብ እንደነበር ጥበቃው ነግሮኛል፤ ደስ ብሎኝ ተመለስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰፈራችን ጤና ጣቢያ በአእምሮ ሕክምና ክፍል የሚሠራው ወጣቱ ዶክተር አሸብር፣ ከሕመምተኛ ጋር ሳይስማማ መድኃኒት አዟል፣ የሥራ ቦታውንም ጥሎ ወጥቷል ተብሎ ከመምሪያዎ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ደርሶታል። ከሚመጣው ሰኞ ጀምሮም ለሦስት ወር ዳግም ሥልጠና እንዲገባ ታዟል። ክፍሉ ሌላ ሐኪም የለውም፤ እርሱ ከሄደ በሩ ይዘጋል፣ በር ላይ የምንቀረው ደግሞ እኛ ነን። ስለዚህ ሰኞ ከመድረሱ በፊት ምስጋናችንንና ቅሬታችንን በተራ በተራ እንዲሰሙልን በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሥልጠናው እናመሰግናለን። ባለሙያዎቹን ቢሾፍቱ ወስደው፣ ሐይቅ ዳር ካለ ሆቴል አስቀምጠው፣ ሕክምና ትእዛዝ ሳይሆን ስምምነት መሆኑን ማስተማርዎ የሚያስመሰግን ነው። ይህን ለፌዝ አልልም። የድሮውን ስለማውቅ ነው፤ ሐኪሙ ቀና ሳይል ይጽፋል፣ እኛም ቀና ሳንል ተቀብለን እንወጣለን፣ በሽታው ብቻ ቀና ብሎ ይሄዳል። «ምን ይመስልዎታል?» ብሎ የሚጠይቅ ሐኪም መጣ ሲባል እኮ አብነት ላይ ሰው ለሰው ተደዋውሏል።

ቅሬታችን ስለ ልምምዱ ነው። ሆቴሉ ውስጥ ግማሾቹ ሐኪም፣ ግማሾቹ ሕመምተኛ እየሆኑ እንደተለማመዱ ዶክተር አሸብር ራሱ አጫውቶኛል። ሕመምተኛ የሆነው ሐኪም፣ በቀን ሁለት ክኒን ብንጀምር ምን ይመስልዎታል ሲባል፣ እሺ ዶክተር ጥሩ ሐሳብ ነው ይላል፤ ይጨበጨባል፤ ወደ ሻይ ዕረፍት ይኬዳል። ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው፣ መርካቶ ውስጥ ያደገ ሰው በመጀመሪያ በተጠራለት ነገር «እሺ፣ ጥሩ ሐሳብ ነው» ሲል ሰምተው ያውቃሉ ወይ? እንዲህ የሚል ሰው ከተገኘ እኮ ዘመዶቹ ደግፈው ወደ ሐኪም የሚያመጡት ነው።

ሁለተኛ፦ ዶክተር አሸብር ከሥልጠናው ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን የገቡት እትዬ ሠርኬ ናቸው። እትዬ ሠርኬ በርበሬ ነጋዴ ናቸው፤ እንቅልፍ እምቢ ብሏቸው፣ ልባቸው ያለ ምክንያት እየደለቀ ነው የመጡት። ዶክተሩ በተማረው መሠረት ፈገግ ብሎ፣ ሁለት ክኒን ብንጀምር ምን ይመስልዎታል አላቸው። እትዬ ሠርኬ ደግሞ ዕድሜያቸውን ሙሉ «ምን ይመስልዎታል» ሲባሉ የሚያውቁት ዋጋ ሲጠራ ብቻ ነው። ፊታቸውን አጨፈገጉና ግማሽ አሉ። ዶክተሩ ደነገጠ፤ ከሥልጠናው ይዞት የመጣው መመሪያ ግን ልዩነት ሲፈጠር መካከለኛውን መንገድ ፈልጉ ስለሚል፣ አንድ አለ።

ያን ጊዜ እትዬ ሠርኬ በሕክምና ትምህርት ቤት የማይሰጥ ነገር አደረጉ። ቦርሳቸውን አንሥተው፣ ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ደህና ዋል ልጄ ብለው ወጡ። እንዲህ ሲወጣ ቀስ ተብሎ እንደሚወጣ፣ ጆሮም ወደ ኋላ እንደሚቀር እኛ እናውቃለን። ምስኪኑ ዶክተር ግን ሕመምተኛ ያመለጠው መስሎት ኮሪደር ድረስ ተከትሎ ወጣና፣ እሺ ይመለሱ በግማሽ እንጀምር ብሎ ጠራቸው። ክቡር ሆይ፣ ገዢን ከመንገድ ጠርቶ የመለሰ ነጋዴ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚደርስበት ለመርካቶ ልጅ አይነገርም። የዶክተር አሸብር መጨረሻ ዋጋ ታወቀ። ወሬው ለምሳ ሳይደርስ ምን አለሽ ተራ ገብቶ፣ ምድጃ የሚቀጠቅጡት ሰዎች መዶሻቸውን አስቀምጠው አዳመጡት ይባላል። እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ የነገረችኝ ሰው ግን አታጋንንም፤ ብታጋንንም ትንሽ ነው።

ሦስተኛ፦ ገበያ ባለበት ደላላ አይጠፋም። ይመር የሚባለው የቤትና የመኪና ደላላ ሥራ ሲቀዘቅዝበት የጤና ጣቢያው በር ላይ መቆም ጀመረ። ለነፍሴ ነው እያለ ምክሩን በነጻ ይሰጥ ነበር። ስትገቡ አትቀመጡ፣ የተቀመጠ ሰው ፈላጊ ይመስላል። በሽታችሁን ቀለል አድርጋችሁ ተናገሩ። ዶክተሩ መድኃኒቱን ማሞገስ ሲጀምር በመስኮት ወደ ውጭ ተመልከቱ። ጎረቤቴ ባለፈው ሳምንት በግማሽ ነው የወሰደው ማለትን አትርሱ። ከተስማማችሁም በኋላ ባዶ እጃችሁን እንዳትወጡ፣ ምርቃት ጠይቁ።

ምርቃቱም ይሰጥ ጀመር። በድብርት የመጣች ሴት የቫይታሚን ጠርሙስ ተመርቆላት ሄደች። በጭንቀት የመጣ የሚኒባስ ሹፌር የጉሮሮ ሽሮፕ አስጨምሮ ወጣ፤ ጉሮሮውን ግን አላመመውም፣ ረዳቱን ነው። አንድ ጫማ ነጋዴ ደግሞ ምንም ሳይታመም የክርክሩን ወሬ ሰምቶ ብቻ ሰልፍ ይዞ ገባ። ከአንድ ክኒን ተነሥተው ዜሮ ላይ ተስማሙ፣ ተጨባብጠው ተለያዩ። በዚያ ሳምንት ትክክለኛ መጠን የታዘዘለት እርሱ ብቻ ነበር።

የመምሪያዎ ሰዎች ጥራት ሊለኩ የመጡት በዚህን ጊዜ ነው። መለኪያቸው ሐኪሙና ሕመምተኛው ተስማምተዋል ወይ የሚል ነበር፤ ተስማምተዋል፣ መቶ በመቶ። የምስክር ወረቀት በመስታወት ተደርጎ ተሰቀለልን። ስለ ምስክር ወረቀቱ ከልብ እናመሰግናለን፤ የግድግዳውን ስንጥቅ ሸፍኖልናል። የተሻለው ሰው አለ ወይ ብሎ ግን የጠየቀ የለም፤ እንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ የሚፈልግ መሆኑን ስለምንረዳ አልተቀየምንም። አንድ ልምድ ያለው ሐኪም ከዚህ ወጣት አጠገብ ወንበር ስቦ፣ ልጄ፣ እዚህ ጋ ተሳስተሃል እንዲለው ስንመኝም፣ አንድ አንጋፋ ሐኪም መጡልን። ከምስክር ወረቀቱ ሥር ፎቶ ተነሥተው ሄዱ። ፎቶው ያምራል።

አራተኛ፦ እስካሁን የጻፍኩትን እየሳቅኩ ነው የጻፍኩት፤ እርስዎም ቢስቁ አልቀየምም። ይህኛው ግን የነስረዲን ነገር ነው።

ነስረዲን ብርድ ልብስ ነጋዴ ነው። ለብዙ ዓመታት አብሮት የኖረ ሕመም አለበት፤ ራሱ ስለማይደብቀው እኔም የምጽፈው በእርሱና በሚስቱ በዱንያ ፈቃድ ነው። ሲነሣበት እንቅልፍ አያውቅም፣ ንግግሩ ይፈጥናል፣ ያለውን ሁሉ ይበትናል። ያ ሲያልፍ ደግሞ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ይተኛል፣ ምግብም ሰውም እምቢ ይላል። ዱንያ የምትፈራው ይህንን ሁለተኛውን ነው፤ ባለፈው ጊዜ ከሞት አፋፍ ነው የመለስኩት ትላለች። መድኃኒቱን በልኩ ሲወስድ ግን መርካቶ ካፈራቻቸው ክርክረኞች ግንባር ቀደሙ ነው። ከእርሱ ሱቅ ሰው ብርድ ልብስ ገዝቶ ሲወጣ ላቡን እየጠረገ ነው የሚወጣው።

ይህን ሰው ነው እንግዲህ መምሪያዎ ከዶክተር አሸብር ፊት አስቀምጦ ተስማሙ ያለው። ሥጋ ለድመት አደራ ቢሰጥ እንኳ ድመቷ ትንሽ ታፍር ነበር። ነስረዲን ጠዋትና ማታ ይወስድ የነበረውን ክኒን ወደ ግማሽ አወረደ። በየወሩ የነበረውን ቀጠሮ ከአረፋ ወዲያ አሻገረ። ቫይታሚኑንም አስመረቀና ቤቱ ገብቶ ዱንያን «ዶክተሩን ጣልኩት» አላት። ዱንያ ጠርሙሱን ወዲያ አድርጋ ክኒኑን ቆጠረች፤ በግማሽ ጎድሏል። በማግስቱ ጤና ጣቢያ ሄዳ ባሌ ይታመምብኛል ብትል፣ ስምምነት በሁለት ወገን መካከል የሚደረግ መሆኑን፣ ቤተሰብ ግን ሦስተኛ ወገን ስለሆነ መመሪያው እንደማይፈቅድ በጨዋ ደንብ ተነገራት። ዶክተር አሸብርም ጥፋት አለበት ማለት ነው፤ የራሱን ድርሻ አልከለክለውም።

የመጀመሪያውን ምልክት ያየው የጎን ሱቅ ጎረቤቱ ሽኩር ነው። አንዲት ሴት መጥታ ዋጋ ጠየቀች፤ ነስረዲን ጠራላት። እንደ ወጉ በግማሽ ቆረጠችው። ነስረዲን እሺ አላት። ሽኩር እንደሚለው ባለ ሱቁ ሁሉ ከየበሩ ብቅ አለ። ተሸካሚው ሸክሙን እንደያዘ ቆመ። ሴትየዋ ራሷ ደንግጣ ብርድ ልብሱን እያገላበጠች ቀዳዳ ፈለገች፤ ስታጣ ይበልጥ ፈራችና ሳትገዛ ሄደች። ሽኩር ሱቁን እንኳ ሳይቆልፍ ወደ ዱንያ ሮጠ።

«ዱንያ፣ ድረሺ» አላት። «ሰውዬሽ እሺ ብሏል።»

ከዚያ ወዲያ ነገሩ ፈጠነ። የትራስ ልብስ ለገዛ ሁሉ ብርድ ልብስ ይመርቅ ጀመር። ብዙም ሳይቆይ ጥቅል ሙሉ አሸክሞ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ላይ ወጣ፤ በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ መንገድ በተዘጋባቸው ሚኒባሶች መስኮት ብርድ ልብስ እያስገባ፣ ወገኖቼ ክረምቱ ሊገባ ነው ይል ነበር። ዱንያ ከኋላው ከሚኒባስ ሚኒባስ እየወጣችና እየወረደች፣ ባሌ ታሞ ነው፣ በአላህ መልሱልኝ ትላለች። አብዛኛው ሰው መለሰ። አንዳንዱ መንገድ ሲከፈትለት እንደተጠቀለለ ሄደ። እኔም በዚያ ስላለፍኩ አይቻለሁ፤ ሰው ሁሉ የሚስቀው ወደ ነስረዲን እያየ ነበር፤ ወደ ዱንያ ያየ ሰው ግን አልሳቀም።

አምስተኛ፦ ስለ ጥፋቱ ልንገርዎ፤ ማስጠንቀቂያው የተጻፈበት ጥፋት ማለቴ ነው። ሽኩርና ዱንያ ነስረዲንን አባብለው ወደ ዶክተር አሸብር አመጡት። እኔም ለድጋፍ አብሬ ገባሁ፤ ለወሬ ነው የሚል ካለም አልከራከርም። ዶክተሩ ነስረዲንን ሲያይ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እጁ ግን እንደለመደው ወደ መመሪያው ሄደ፤ ገለጠና አፉን ሊከፍት ሲል ዱንያ ቀደመችው።

«ዶክተር፣ እኔ ልከራከርህ አልመጣሁም» አለችው። «የሚያሽለውን ታውቃለህ አታውቅም? ካወቅህ ንገረን። ካላወቅህ የሚያውቅ ጥራልን።»

ዶክተር አሸብር መመሪያውን ዘጋ።

«ሁለት ነው፣ ጋሼ ነስረዲን» አለ። «ከዚህ ዝቅ ብዬ ከሰጠሁዎ እያታለልኩዎ ነው። ባለፈው አታልዬዎታለሁ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ነስረዲን ተነሣ። ኮቱን አራግፎ፣ ማንንም ሳያይ ወደ በሩ ሄደ፤ ቀስ ብሎ ነው የሄደው። ኮሪደሩ ላይ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ክር ፈትቶ አሰረ። ጥሪ እየጠበቀ መሆኑን ሁላችንም አውቀናል፤ ሽኩር የእኔን ክንድ ጨምድዶ ይዞ ነበር። ዶክተሩ ግን አልጠራውም። ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ ተነሥቶ ደረሰበትና ጎን ለጎን አብሮት ይሄድ ጀመር። ክቡር ሆይ፣ ከሚሄድ ገዢ ጋር አብሮ የሄደ ነጋዴ በመርካቶ ታይቶ አይታወቅም። ነስረዲን ወዴት ነው ብሎ ቢጠይቀው፣ ወደሚሄዱበት አለው። በጋሪውና በተሸካሚው መካከል እየተጋፉ፣ እኛም ከኋላ እየተከተልን፣ ሱቁ ድረስ ሄዱ። ዶክተሩ ከተረፈችው የብርድ ልብስ ጥቅል ላይ ቁጭ አለ።

ነስረዲን ብዙ ተናገረ፤ ስለ ክረምቱ፣ ስለ ድልድዩ፣ ኬንያ ስለሚከፍተው ቅርንጫፍ። ዶክተሩ ሰማው። በመጨረሻ ወደ ዶክተሩ ዞሮ፣ «ለምን ሁለት?» ብሎ ጠየቀ።

ይህን ሁሉ ዓመት ክኒኑን ሲውጥ ማንም ነግሮት አያውቅም ነበር። ዶክተር አሸብር ነገረው፤ ግማሹ ለምን ለስም ብቻ እንደሚሆን፣ ሕመሙ ሲመጣ በምን በምን እንደሚጀምር፣ ከዚያ በኋላ ግድግዳው እንዴት እንደሚከተል። ነስረዲንም በተራው ለማንም ያልተናገረውን ተናገረ፦ የጠዋቷ ክኒን ታፈዝዘዋለች፤ ፈዝዞ ሳለ የመጀመሪያው ደንበኛ ያታልለዋል፤ ነጋዴ በመጀመሪያ ደንበኛ ከተታለለ ቀኑ አለቀ። ለካ ክርክሩ ሁሉ ለዚህ ኖሯል። ዶክተሩ ትንሽ አሰበና የጠዋቷን ወደ ማታ ማዞር እንደሚቻል፣ ሁለትነቷ ግን እንደማይነካ፣ እስኪሻለው ድረስም በየቀኑ መጥቶ እንደሚያየው ነገረው። ዱንያ ክኒኖቹን ከሱቁ መሳቢያ አወጣችለት። ነስረዲን ዶክተሩን አየው፣ ክኒኖቹን አየ፣ ከዚያ ውኃ አምጪ አላት።

ዶክተሩ ቃሉን ጠብቆ በየቀኑ ከሥራ ሲወጣ ሱቁ ድረስ ይመጣል። ያን ቀን በሥራ ሰዓት ከነስረዲን ጋር መውጣቱ ግን በመምሪያዎ መዝገብ «የሥራ ቦታ ጥሎ መውጣት» ይባላል። ሁለት ነው ማለቱም «ከሕመምተኛ ጋር አለመስማማት» ይባላል፤ የክፍሉ የስምምነት ውጤትም ከመቶ ወርዷል። እውነት ነው፣ ወርዷል። እትዬ ሠርኬም ተመልሰው ገብተው ለምን እንደሆነ ተነግሯቸው ትክክለኛውን ጀምረዋል፤ ምርቃት በመቅረቱ ግን እስካሁን አኩርፈዋል። ነስረዲንም ቀስ በቀስ እንቅልፉ ተመለሰለት፣ ንግግሩ ረጋ፣ ዱንያ የፈራችው ግድግዳ አልመጣም። ትናንት አንዲት ደንበኛ ዋጋ በግማሽ ስትቆርጥበት፣ እህቴ ይህን ዋጋ ለሌላ ሰው እንዳትነግሪ ትዋረጃለሽ ብሏታል። ሽኩር ይህን ሲነግረኝ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር።

ስለዚህ፣ ክቡር ሆይ፣ የምንለምነው ትንሽ ነው። ዶክተር አሸብርን ይተዉልን። በአንዱ ወንበር ፈንታ ሁለት አድርገው ከጎኑ ልምድ ያለው ሐኪም ያስቀምጡለት፤ ለፎቶ ሳይሆን ለወራት፣ ሲሳሳት እንዲያርመው፣ ሲጨንቀው እንዲያማክረው። የሚቀጥለውን ሥልጠና ከሐይቁ ዳር አንሥተው እዚህ ያድርጉት፤ ሕመምተኛ ሆነው ለመለማመጃ የሚቀርቡ ሰዎች እኛ በነጻ እናቀርባለን፤ እትዬ ሠርኬ ከወዲሁ እየተዘጋጁ ነው። ጥራት ሊለኩ ሲመጡም ተስማማችሁ ወይ ከማለት ይልቅ ዱንያን ያግኟትና ባልሽ እንዴት ነው ብለው ይጠይቋት። ወረቀትም አያስፈልግም፤ ፊቷን ማየት ይበቃል።

ያላስከፋሁዎ መሆኔን ተስፋ እያደረግሁ፣ ለሰጡን ሥልጠና፣ ለሰቀሉልን የምስክር ወረቀት፣ ለላኩልን ማስጠንቀቂያ፣ ሊልኩልንም ለሚያስቡት ሁሉ በመርካቶ ስም እጅ እየነሣሁ፣ መቀመጫዎ የማይነቃነቅ፣ ውጤትዎ ከመቶ የማይወርድ፣ ጉብኝትዎም ከምስክር ወረቀቱ አንድ እርምጃ አልፎ እስከ ካርድ ክፍሉ የሚዘልቅ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ከማይቋረጥ አክብሮት ጋር እሰናበታለሁ።

የእርስዎ ታማኝ ተገልጋይ፣
እስከዳር፣ ከአብነት

ተጨማሪ ማስታወሻ፦ ሰኞ ጠዋት በሩ ተዘግቶ ከተገኘ እንዳይጨነቁ። ሰልፉ እንዳለ ተነሥቶ ወደ ቢሮዎ ይመጣል፤ የጥራቱ ኃላፊ እርስዎ ስለሆኑ እርስዎ ያክሙናል። ከፊት የሚቆመው ነስረዲን ነው፤ ዱንያም አብራው አለች። ክርክር የለበትም፤ «ለምን ሁለት?» ብሎ ብቻ ይጠይቅዎታል፤ እስኪገባው ድረስም ከቢሮዎ አይወጣም።